የአራተኛው አንጓ ባለቤት

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሼ ኤልደን፤

በሰኔ የጻፉልኝ ደብዳቤ ትናንት እጄ ገባ። ባሕር ዳር ፖስታ ቤት ሦስት ወር ተቀምጦ ኖሯል። መንገዱ ለአንድ ሳምንት ሲከፈት የልጅ ልጄ ሕይወት ጨርቅ ልትገዛ ወርዳ ይዛልኝ መጣች። ፖስታው ላይ ስሜን በአማርኛ ሲጽፉ ‹‹ነ››ን ዛሬም እንደ ድሮው አጣመዋታል፤ የማን እጅ እንደሆነ ሳልከፍተው አወቅሁ። በሕይወት አሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ያቺ ከፊት የምትቀመጠው ዘነበች ነሽ ወይ ብለዋል። ነኝ። በ1959 አንቱ ከአሜሪካ በሰላም ጓድ መጥተው እንግሊዝኛ ሲያስተምሩን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ኋላ እኔም ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሕይወት ኩዌት አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች ወዲህ የምንኖረው ሁለታችን ነን። እሷ ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ ቁልፍ እተክልላታለሁ። ስልክ ከተቋረጠ ቆይቷል። ሰው ጉዳዩን በጊዜ ጨርሶ በሩን ይዘጋል። እንዲህ ሆነን ነው ያለነው።

ዘፈኑን እንዴት እረሳዋለሁ? በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅዎ አልሰማ ይለን ነበር፤ ትምህርቱን ይተዉና ጊታርዎን ያነሡ ነበር። ወንዙ ሞልቶ አሻጋሪው ጀልባውን አሰረ፣ ሰውየው ከዚህ ዳር ቀረ፣ ሚስቱ ከማዶ መሐረቧን ታውለበልባለች። ቃሉን ሳናውቀው ነገሩ ገብቶን ነበር። የእኛው ወንዝ ርብ ሲሞላ ቤቱ መግባት የሚያቅተው ተማሪ ከመካከላችን ብዙ ነበርና።

አብሮን ስለተማረው ስለ ባዩም ጠይቀዋል። ስለ ባዩ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ድፍረት አይሁንብኝ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ዝም ብለው ዛሬ ስለምን ፈለጉት?

አክባሪ ተማሪዎ ዘነበች


ታኅሣሥ 3 ቀን 2017

ውድ ዘነበች፤

ቀኑን በእናንተ አቆጣጠር የጻፍኩት በጣቴ ቆጥሬ ነው። ከተሳሳትኩ በቀይ እስክሪብቶ አርሚው፤ አሁን አስተማሪዋ አንቺ ነሽ። አንቱ ልበልሽ ብዬ ነበር። ግን ዓይኔ ላይ ያለችው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት።

ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እመልሳለሁ።

የምኖረው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። እግሮቼ እምቢ ካሉ ሦስት ዓመት ሆነ። የሕንፃው በር የሚከፈተው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ለእኛ አይነግሩንም። መጀመሪያ እቆጣ ነበር። አሁን ፊቴን ወደ በሩ አላዞርም።

ዘፈኑ የአያቴ ነው ብዬ ነግሬያችሁ ነበር። እስከ ሦስተኛው አንጓ ድረስ እውነት ነው። የአያቴ ወንድሞች በአገራችን ወንዝ ላይ ሰው አሻጋሪዎች ነበሩ፤ ሲቀዝፉ ያወጡት ዘፈን ነው። ያኔ ፈጣን ነበር፣ የጭፈራ። አያቴ ወጣት ሳለች በሸክላ ወጥቶ በየመንደሩ ተጨፈረበት። ከዚያ ድልድይ ተሠራ። አሻጋሪ ቀረ፣ ዘፈኑም ተረሳ። እኔ ወደ እናንተ ይዤው ስመጣ በአገሬ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ባዩ ከክረምት ዕረፍት ሲመለስ ያመጣውን ታስታውሻለሽ? ዜማውን አዘግይቶት ነበር። ስለ ርብም አራተኛ አንጓ ጨመረበት። ትርጉሙን ጠይቄው ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። አገሬ ገብቼ በ1962 ሸክላ ሳስቀርጽ የዘፈንኩት በባዩ አዘፋፈን ነው፣ ከነአራተኛው አንጓ። ሽፋኑ ላይ ግን ‹‹ከአያቴ የተማርኩት የጥንት ዘፈን›› ብዬ ጻፍኩ። ለምን? የጥንት ሲባል ሰው ይወድ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። አንዱን ሸክላ ለባዩ ልኬለት ነበር። ደርሶት ይሆን?

ሸክላውን ያኔ የሰማው ሰው ትንሽ ነው። አምና ግን አንዲት ወጣት ዘፋኝ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አገኘችውና ዘፈነችው። አሁን በየሰዉ ስልክ ውስጥ ነው። አልጋዬን የምታነጥፍልኝ ልጅ እንኳ ታንጎራጉረዋለች። ሁሉም የሚወዱት አራተኛውን አንጓ ነው። ስለ ጥንት ዘፈኖች መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ማን አወጣው ብሎ ጠየቀኝ። አያቴ አልኩት። እርግጠኛ ነህ ሲለኝም አያቴ አልኩት።

በሰኔ ይመለሳል። ያኔ ባዩ ማለት እፈልጋለሁ። የአባቱን ስም እንኳ ረስቼዋለሁ። እባክሽ አድራሻውን ላኪልኝ።

ኤልደን


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤልደን፤

ደብዳቤዎን ካነበብሁት ወር አለፈኝ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ቢከፈትም ኖሮ የምጽፈውን አላውቅም ነበር። ቀኑ ልክ ነው፤ የማርመው አላገኘሁም።

ባዩ ባሌ ነበር።

እንዲህ በአንድ መስመር ስጽፈው ለራሴም ገረመኝ። በ1964 ተጋባን። ሒሳብ አስተማሪ ሆኖ መጀመሪያ በትውልድ አገሩ በእብናት፣ ኋላም እዚሁ ደብረ ታቦር ሠራ። ደብተር ሲያርም ያፏጭ ነበር፤ ፉጨቱ ቆም ካለ አንድ ተማሪ ከባድ ስሕተት ሠርቷል ማለት ነው። አንዲት ሴት ልጅ ወለድን፣ የሕይወት እናት ናት፤ አሁን በትዳር ጎንደር ትኖራለች። ባዩ በ1970 ሞተ። በሕመም ነው። ልጃችን ያኔ አራት ዓመቷ ነበር።

ሸክላው ገና ሳንጋባ ደርሶታል። ግራማፎን ስላልነበረን አንድ ነጋዴ ቤት ሄደን ነው የሰማነው። ባዩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አራተኛው አንጓ ሲመጣ ሣቀ። ‹‹ርብን እንግሊዝኛ አስተማሩት›› አለኝ። ሽፋኑ ላይ ስሙ አለመኖሩን አላነሣም። እኔ ግን አይቼው ነበር። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑ ብዬ አይደለም፤ ስለጠየቁኝ ነው።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ለዚያ ሰው የባዩን ስም አይንገሩት። አያቴ ብለዋል፤ እንዳሉት ይቅር። ምክንያቱን አይጠይቁኝ። እዚህ ከውጭ አገር የመጣ ወረቀት ቤት ማስቀመጥ ራሱ ያሳስባል፤ ደብዳቤዎችዎን ከዱቄት ማስቀመጫው ሥር ነው ያኖርኋቸው። የጤናዎን ነገር ግን ይጻፉልኝ።

ዘነበች


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤልደን፤

‹‹ምን ሕመም ነበር?›› ብለው አንድ መስመር ጻፉና የቀረውን ወረቀት ባዶውን ላኩልኝ። ክፍል ውስጥም እንዲህ ያደርጉን ነበር። ጠይቀው ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ሲከብደን እንናገራለን።

ሕመም አልነበረም። ዋሽቼዎታለሁ። ልጄም የልጅ ልጄም የሚያውቁት ሕመም መሆኑን ነው። ለአንቱ የምነግርዎ ሩቅ ስለሆኑ ነው መሰለኝ።

በመጋቢት 1970 ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዎች ቤታችንን ሊፈትሹ መጡ። የዚያን ዘመን ነገር ሰምተው ይሆናል፤ መምህር የሆነ ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበር። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አገላበጡ፤ ያገኙት ነገር አልነበረም። መጨረሻ ላይ ከቁም ሳጥኑ አናት ሸክላውን አወረዱ። ውስጡ የአንቱ ደብዳቤ ነበረበት። ይህ አሜሪካዊ ማነው፣ ምን መልእክት ነው የሚልክልህ አሉት። ባዩ ረጋ ብሎ የድሮ አስተማሪያችን ነው፣ ዘፈኑም የአያቱ ነው አላቸው። አንደኛው እንግሊዝኛ ያውቅ ነበርና ሽፋኑን አነበበው። ‹‹ከአያቴ የተማርኩት የጥንት ዘፈን›› ይላል። የባዩ ቃልና ጽሑፉ ገጠመ። ሸክላውን ይዘው ሊሄዱ ሁለቱ ደጅ ወጥተው ነበር።

የተናገርሁት እኔ ነኝ። የባዕድ ዕቃ ተገኘበት ብለው ነገ ተመልሰው ባዩን ይወስዱታል ብዬ ፈራሁ። ያገራችን ነው ብላቸው ይተዉታል ብዬ አሰብሁ። ወይም ደግሞ ስሙ ሽፋኑ ላይ ባለመኖሩ ስምንት ዓመት ሙሉ ያመቅሁት ቁጭት ነው ያናገረኝ፤ ይህን ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

‹‹የአሜሪካኖች አይደለም። አራተኛውን አንጓ ያወጣው ባሌ ነው›› አልኋቸው።

የወጡት ተመለሱ። በአማርኛ በይው አሉኝ። አልሁት፤

ርብም ሞልቶ ዋለ፣ ሞልቶ አደረ ደግሞ፣
ሰው ማዶ ለማዶ፣ ይተያያል ቆሞ፤
ውኃ ነው ይጎድላል፣ ቢጮህ ቢደነፋ፣
ድንጋዩ ግን አለ፣ እንዲሁ ሳይገፋ።

እንግሊዝኛ የሚያውቀው ሰው ወደ ባዩ ዞሮ ‹‹ውኃው ማነው?›› አለው።

ባዩ ጋቢውን አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። በአጠገቤ ሲያልፍ ‹‹ልክ ነሽ፤ የእኔ ነው›› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም። ሃያ ቀን ወደ እስር ቤት ስንቅ አመላለስሁ። በሃያ አንደኛው ቀን ስንቁን እንዳለ መለሱልኝ። አስከሬን አልሰጡኝም። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። ልጄ አባቷን ስትጠይቀኝ ታሞ ሩቅ አገር ሆስፒታል ገባ አልኋት፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ እዚያው ሞተ አልኋት።

አንቱ ስሙን ደበቁት፣ ያ መደበቅ ሊያተርፈው ነበር። እኔ ስሙን ተናገርሁ፣ በዚያው ሄደ። ስለዚህ ልጻፍ ወይስ አልጻፍ ብለው አይጠይቁኝ። እኔ አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ይበቃኛል።

ሕይወት ነገ ባሕር ዳር ትወርዳለች። ፖስታውን በሙጫ አሽጌ እሰጣታለሁ።

ዘነበች


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤልደን፤

ያለፈው ደብዳቤ ደርሶዎት ከሆነ ፖስታው ተቀዶ የተለጠፈው ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

ሐሙሲት መግቢያ ላይ ፈታሾች ሚኒባሱን አስቆሙና ሰዉን ሁሉ አስወርደው ፈተሹ። ከሕይወት ቦርሳ ውስጥ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ወፍራም ፖስታ አገኙ። ፈታሹ ምን የሚል ነው አላት። አያቴ ለድሮ አስተማሪዋ የጻፈችው ሰላምታ ነው አለችው፤ የምታውቀው ይህንኑ ነው። ቀደደው። የእኔ የእጅ ጽሑፍ አልነበብ ሲለው አንብቢልኝ ብሎ ለእሷ ሰጣት። ተሳፋሪው ተሰልፎ በቆመበት፣ አስፋልቱ ዳር ላይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። አያቷ እንዴት እንደሞተ ሕይወት የሰማችው እንዲህ በገዛ ድምጿ ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ማንበብ አቅቷት ቆማ እንደነበር አብራት የተሳፈረች ጎረቤታችን ነገረችኝ። ሰውየው ቀጥይ ይላታል፤ ትቀጥላለች። ስትጨርስ ‹‹ይህ ሰውዬ ምንሽ ነው?›› አላት።

ጋሼ፣ ይህች ልጅ ኩዌት ሳለች አሠሪዎቿ ስምሽ ይከብደናል ብለው ሌላ ስም አውጥተውላት አምስት ዓመት በዚያ ስም አቤት ስትል የኖረች ናት። ምን ልትለው ትችል ነበር ብዬ እስካሁን አስባለሁ። አላውቀውም ብትል ማን ይፈርድባታል?

‹‹አያቴ ነው። ባዩ ፈንታሁን ይባላል›› አለችው።

ሰውየው ወረቀቱን ተቀብሎ ጥቂት ይዞት ቆየ። ከዚያ አጥፎ መለሰላትና ተሳፈሪ አላት። ባሕር ዳር ስትደርስ ፖስታውን በፕላስተር ለጥፋ ላከችልዎ።

ተመልሳ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ቁልፍ ልትከል ብዬ እጄን ስዘረጋ ሸሚዙን ወደ ራሷ ትስበዋለች። እኔም አልለመንኋት። አርባ ሰባት ዓመት ያፈንሁትን ነገር መንገድ ዳር ቆማ ለማታውቀው ሰው አንብባዋለች፤ ምን ብዬ ልለምናት? በአራተኛው ቀን እየተኮሰች ሳለ ቀና ሳትል ‹‹እምዬ፣ አንቺ አልገደልሽውም። ግን ከእኛም ደበቅሽው›› አለችኝ።

ያን ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሣሁ።

ስሙን ይንገሩት፣ ጋሼ። ባዩ ፈንታሁን ይበሉት። ከርብ ማዶ፣ ከእብናት። ሒሳብ አስተማሪ። በምን እንደሞተም ይንገሩት። እኔ መፍራቴን አልተውሁም፤ ስጽፍልዎም እየፈራሁ ነው።

ዘነበች


ሐምሌ 8 ቀን 2017

ውድ ዘነበች፤

ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። በቅደም ተከተላቸው አነበብኳቸው። አልጋዬን የምታነጥፈው ልጅ ምን ሆንክ አለችኝ። በእናንተ ቋንቋ ሳነብ ቆይቼ በእኔ ቋንቋ መመለስ ለጊዜው አቃተኝ።

እኔም ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በ1971 ለባዩ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። ተቀባዩ አልተገኘም የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ። አንቺን መጠየቅ እችል ነበር። ትምህርት ቤቱን መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኩም። እሱ ካልተገኘ እኔም የምጠየቅበት ነገር የለም። ዘነበች፣ በዚያን ቀን ቅልል አለኝ። የቀለለኝ ሰው መሆኔን ማወቅ አለብሽ። መደበቄ ሊያተርፈው እንደነበር ጽፈሻል። ይህን እንደ ምሕረት አልቀበልም። ለእሱ ብዬ አልደበቅኩትም።

የመጽሐፉ ሰው መጥቶ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ለምን እስከ ዛሬ ቆየህ አለኝ። ዝም ማለት ቀላል ስለነበረ አልኩት። እንዲሁ ጻፈው።

ዘፋኟም መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን የጠየቀችኝ ስሙ እንዴት እንደሚጠራ ነው። ብዙ ጊዜ ደጋገመችው፤ ‹‹ዩ›› ላይ ትንሽ ታስረዝመዋለች። ከእንግዲህ አራተኛውን አንጓ ከመጀመሯ በፊት የማን እንደሆነ ለሰዉ ትናገራለች። ሸክላዋም ላይ ይጻፋል። በአማርኛ ልትማረውም ፈለገች። የእኔ ድምፅ ስለጠፋ ቃሉን ብቻ አስጻፍኳት።

አሁን ብዙ ሰው እየጻፈ ይሰድበኛል። የሚመጡትን ሁሉ አነባለሁ። ከዚህ ወንበር ሌላ መሄጃ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልሄድም ነበር።

አንቺስ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?

ኤልደን


ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤልደን፤

ለቅሶ ተቀመጥሁ።

አስቀድሜ ልጄን አስመጣኋት። ሕይወት በሰው በሰው ልካባት ከጎንደር ሁለት ቀን ፈጅቶባት ደረሰች። ሆስፒታል ለሞተ አባት ስታዝን የኖረች የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ነገርኋት። ተነሥታ ግቢውን ዞረች፣ ተመልሳ ገባች፣ ‹‹አሁን ጀምረሽ ንገሪኝ›› አለችኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኋት።

ድንኳን ስናስተክል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። የአርባ ሰባት ዓመት ሙት ነው፤ ጊዜውም ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበት አይደለም። የመጀመሪያውን ጠዋት እኛው ብቻ ተቀመጥን። ከዚያ ጎረቤት መግባት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሽበታም ሰዎች ተከታትለው መጡ፤ የባዩ ተማሪዎች ናቸው። ዘጠኝ ሆኑ። አንደኛው ከጉና ተራራ ሥር በእግሩ ነው የመጣው። መሞቱን ሁሉም ያውቁ ነበር፤ አሟሟቱንም ይጠረጥሩ ነበር። እኔ እንዳይከፋኝ ብለው ስሙን ፊቴ አንሥተው አያውቁም። እኔ ደግሞ የረሱት መስሎኝ ኖርሁ።

በሦስተኛው ቀን እኅቱ ብዙነሽ ከእብናት በበቅሎ ደረሰች። ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ደግፈው አወረዷትና አጠገቤ አስቀመጧት። ደረቷን ከመታች፣ ካለቀሰችም በኋላ ‹‹ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?›› አለችኝ።

‹‹ፈርቼ›› አልኋት።

እሷም ‹‹እኔስ መች ጠየቅሁሽ፤ ፈርቼ ነው›› አለችኝ። ሁለታችንም ከዚያ በኋላ አልቅሰን አልወጣልንም። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ ክርስትና ስሙን ጠየቁን፤ የሚያውቀው ብዙነሽ ብቻ ነበረች።

የዘፋኟን ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ብዙነሽ አንዲት አሜሪካዊት የወንድሜን ስም ትጠራለች መባሉን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ዘፈኑን ግን ማናችንም አልሰማነውም፤ ስልኩ አልተከፈተም።

መንገዱም ከለቅሶው ማግሥት ተዘጋ። ልጄ ወደ ጎንደር መመለስ አልቻለችም። ብዙነሽንም በበቅሎ አንሰድም ብለን አስቀረናት። አራት ሴቶች በሁለት ክፍል ውስጥ ነን። ጨው አልቆብናል፤ ሕይወት የምትሰፋው ጨርቅ የላትም። መቼ እንደሚከፈት የሚነግረን የለም። ይህንንም ደብዳቤ ማን እንደሚያደርስልኝ አላውቅም።

ግን ቀኑን ሙሉ ስለ እሱ ይጠይቁኛል። ልጄ ምን ይበላ ነበር ትላለች። ሕይወት ቁመቱን ትጠይቀኛለች። ብዙነሽ የልጅነቱን ታወራለች፤ እኔም የማላውቀውን እሰማለሁ። ጥያቄ ሲያልቅባቸው አንዷ ሌላ ታነሣለች። ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎ ነበር፤ አሁን ግን ብዙነሽ እየጠራችኝ ነው። ባዩ ያጨኝ ዕለት ምን እንዳለኝ ተከራክረው እኔን ዳኛ ሊያደርጉኝ ነው።

ዘነበች፣ የባዩ ፈንታሁን ባለቤት